ሣጥን ውስጥ ያለው አራት

አምስት ኪሎ፣ ሐምሌ፣ ከሙዚየሙ ስር መጋዘን፤
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ የበርበሬ ሚዛን።
ውጭ ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል፤
ዝናቡ ቃሉን ከአፉ ቀምቶ ቱቦ ውስጥ ይጥላል።

እኔ ጓንት አጥልቄ፣ በሕፃን ልጅ ጥርስ ብሩሽ፣
ከእብነ በረድ አፈር አራግፋለሁ። ከበር፦ «ዛሬም አልጨረስሽ?»
ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፤ ቁልፎቹን እንደ መቁጠሪያ
በጣታቸው እያለፉ የሚጠብቁ ሰዓቱን፣ የበር መዝጊያ።

መዝገቡ እንዲህ ይላል፦

፩፦ የግራ ጠርዝ። ሁለት መስመር። የሦስት ፊደል ትራፊ።
፪፦ ጥቁር፣ የተለበለበ። ከኖራ ምድጃ አፋፍ ተመላሽ፤ ከእሳት አትራፊ።
፫፦ አንድ ቃል፣ ሙሉ፤ ትርጉሙ «እና» ነው።
ማን እና ማን? ድንጋዩ አልነገረኝም፤ እኔም አላውቀው።
፬፦ ጽሕፈት የለበትም። (የራሴ ቃል ነው፤ ማክሰኞ ለት፣
ወገቤን እያመመኝ፣ ሻይ ሳልጠጣ፣ በችኮላ የዘጋሁት።)
፭፦ የሰው ስም። ማለት የአባቱ። የራሱ ከስብራቱ ጋር ሄዷል።
አባት ተርፎ ልጅ የጠፋበት ሰው የት ፊደል ስር ይመዘገባል?
በኛ ደንብ ራስ ይቀድማል፣ አባት ይከተላል፤
ይህ ግን ጭራው ብቻ ቆሞ ራሱን ይጠብቃል።

ካቻምና፣ የደመወዙ ማተሚያ ቀለም ጨርሶ፣
ስሜን ዋጠ። «… ገብረየስ» ብቻ ቀረ፤ አባቴ፣ ከመቃብሩ ተመልሶ፣
የወር ደመወዝ ሊቀበል ተሰለፈ። ሒሳብ ሹሟ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።
ፈረምኩለት። ምን እንደ ፈረምኩ ዛሬ ነው የጠረጠርሁ።

ከዚያ መብራት ሄደ፤ እንደ ወጉ።
«በቃ፣ እንዝጋ» አሉ ጋሼ፣ ግድግዳ እየዳበሱ በሩን ሲፈልጉ።
ስልኬን ሳበራው ከእጄ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ፤
ብርሃኑ ከላይ መውረዱን ትቶ በድንጋዮቹ ቆዳ ላይ አዘገመ፣
እንደ ማለዳ ፀሐይ፣ በታረሰ ማሳ ላይ፣ ገና ሳይሞቅ፣
ትልሙን በጥላ ሞልቶ ለየብቻው እንደሚያስታውቅ።

ቁጥር ፬ ላይ መስመር አየሁ።

ሦስት ማዕዘን። የጎጆ ጣሪያ። ከጎኑ ደግሞ የሌላ ፊደል እግር።
ባዶ ያልኩት! አምፖሏ ከአናቱ ቆማ ጥላውን ስታባርር፣
ያላየሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱስ ሲናገር ነበር።

«ዴልታ» ነው። በግሪኮቹ ቤት ፊደልም ነው፣ ቁጥርም፤ ሲቆጥሩበት፣ አራት።
ወደ መዝገቤ ዞርኩ። ፬። ታስሮ በላይና በታች ሰረዝ፣ በሁለት፣
ማዕዘኑ በብዕር ዕድሜ ዶልዱሞ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣
ያው ራሱ፤ በመርከብ ሳይሆን ከብራና ብራና ተሻግሮ፣ እዚህ ገብቶ።
ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ለገጽ፣ ለምዕራፍ፣ ለሣጥን፤ አንዴም ሳልጠይቅ።
በራሱ ፊደል ቆጥሬው «ፊደል የለውም» አልኩ፤ ፊደሉን ሳላውቅ።

አልሰረዝኩም። ከአጠገቡ በእርሳስ «ይነበባል፤ በጎን ብርሃን ብቻ» ብዬ
ፈረምኩ፤ ስሜን አስቀድሜ፣ በደንብ ተጭኜ፣ አባቴን አስከትዬ።

«ምን አገኘሽ?» አሉ ጋሼ፣ ከወደ በሩ።
«አራት» አልኳቸው።
«አራትማ ከሰኞ ጀምሮ እዚሁ ነበር» አሉና ቁልፉን አዞሩ።