ከጅራቱ ጀምር

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ከድሮው መጋዘን ላይ፣
ክረምት ልስኑን ልጦ አንድ መስመር ሲታይ፣
እኔ ስንጥቅ መስሎኝ ያ የተጠማዘዘ፣
ጋሽ ቱፋ ተጠጋ፣ ጠርዙን በጣቱ እየያዘ።

«ጅራት ነው» አለኝ፤ «ተከተለው ሽቅብ፤
ቀኝ መዳፉ በትር ይዟል፤ ቀስ ብለህ አንብብ።»

አየሁት፤ ደረቱን፣ የጋማውን ዙሪያ፤
ዘውዱ ግን የለም፤ የመሮ ጉድጓድ ነው ከዚያ ወዲያ።

«ማን ፈለጠው?»
«እኔ» አለኝ ሳይዞር፤
«በስድሳ ሰባት፣ በቀን ሦስት ብር።
ዘውዱን ነቀልኩና እጄ ዛለ መሰል፣
ቀሪውን በኖራ ሸፈንኩት እንደ ቁስል።

ትእዛዙ ዛሬም አለ፣ ሣጥኔ ውስጥ ታጥፎ፤
‹አንበሳው ይፍረስ› ይላል፣ በመኪና ተጽፎ፤
አዲስ ማኅተም ሳይደርስ ያሳረፉት ከግርጌው፣
ዘውዱን እንደ ደፋ፣
ያው አንበሳ ነው።»