ሲሠራ ነው የፈታሁት

«ሲሠራ ነው የፈታሁት» አለኝ ኦረስት፤
አሮጌ ዕቃ ሻጭ ሁሉ የሚምላት መሐላ ናት።
ሰማንያ ዶላር ቆጠርኩለት፣ ዳቸስ መንደር፣ ጎተራው በር፤
ዲናሞውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ከበድ ያለ ነገር።
በብብቴ ይዤው ወደ መኪናዬ ስሻገር
«ባትሪህን ጠብቅ» አለኝ፣ «ሁሌም ባትሪ ነው የሚያስቸግር።»

ብሩክስ መጋቢት ነው። በረዶው እንደ አበዳሪ ደጄ ላይ ቆሟል፤
ከሥጋ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ወጥቼ እጄ ገና ደንዝዟል።
ሞተሬ ጋራዡ ውስጥ፣ ሆዷን እንደ ከፈተች።
ሦስት ብሎን ነው። ግማሽ ሰዓት። ልገጥመው እችል ነበር፤
ግን ልጅ ሲዳር ዘር ይቆጠራል፣
እኔም ኦም ልቆጥር ተቀመጥኩ።

ቴስተሩን አወጣሁ፤ መጀመሪያ የገዛ ጫፎቹን አነካካሁ፦
ዜሮ ነጥብ ሦስት። የራሱን ጉድለት ሳያውቅ ሌላውን የሚለካ አልወድም።
ከዚያ ሁለቱ የመዳብ ቀለበቶች ላይ፦ ሦስት ነጥብ ስድስት ኦም።
ከቀለበቱ ወደ ዘንጉ፦ ምንም። እዚህ ቦታ ዝምታ ጤና ነው።
የውጪውን ጥቅል ሦስት እግር ጥንድ ጥንድ እያደረግኩ ለካሁ፤
እኩል፣ እኩል፣ እኩል። የአንድ እናት ልጆች።
ካርቦኑ አልቋል፤ እሱ አሥራ ሁለት ዶላር ነው።
በበረደ ጋራዥ፣ በበረደ ብረት፣ ሁሉም ደህና ነው።

እዚህ ላይ ነበር የማቆመው።
ልጄ ሶስና ግን ከደረጃው ላይ፣ በካልሲ፣ እያዛጋች፣
«አባ፣ እሱ የሚሠራው እንዲህ በርዶት ነው?» አለች።

የተሰደብኩ ያህል ዝም አልኩ።
ከዚያ ሮተሩን ፈትቼ በፒዛ ትሪ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ።
መቶ ሃያ ዲግሪ። ቤቱን የድሮ ቫርኒሽ ሽታ ሞላው።
ወርቅያንሺ ከሥራ ስትመለስ ምን እንደምንላት ተማከርን፤
ውሸቱ ላይ አልተስማማንም።

በጓንት ይዤ አወጣሁት። ነካሁት።
ቁጥር የለም።
ደገምኩ። የለም።
ውስጡ የሆነ ቦታ፣ ከፀጉር የቀጠነ መዳብ
ሲሞቅ ተላቅቆ ይርቃል።
ጠበቅነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም፣
ለብ ሲል፣ ብልጭ አለና ተመለሰ፦ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ኦም።
ሰውዬው አልዋሸም ማለት ነው። ሲሠራ ነው የፈታው።
በርዶ።

እሑድ ወደ ዳቸስ ነዳሁ። ብሬን ልቀበል ነው፣ አልደብቅም።
ስነግረው ኦረስት ቆቡን አወለቀ፤
«አራት ባትሪ ገዛሁ» አለ። «አራት!
ድራምሄለር ሳንደርስ ቀይዋ መብራት ቦግ ትላለች፤
መንገድ ዳር እንቀመጣለን፣ ሌሲያ ሳንድዊች ታወጣለች፤
በልተን ስንጨርስ ሞተሩ ይነሳል። አሥራ አንድ በጋ እንዲሁ።
'ከኋላ ሆነሽ ያከበድሽብኝ አንቺ ነሽ' እላት ነበር።»
መሳቅ ጀምሮ
መሃል ላይ ተወው።

ጎተራው ውስጥ አንድ የራስ ቁር ብቻ ተሰቅሏል፣ ትንሽ፣ ሰማያዊ።
ሰማንያውን ዘረጋልኝ። ሮተሩን ተቀበለኝና
በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዲሞቅ ይሁን እንዲበርድ እንጃ፣
«ሲሞቅ ነው ለካ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን።

ሞተሬ አሁንም ሆዷ ክፍት ነው፤ የአልበርታ በጋ ደግሞ አይጠብቅም።
ካልጋሪ አንድ ሰው አለ ብለውኝ ደወልኩ።
«ሲሠራ ነው የፈታሁት» አለኝ።
«ይሁን» አልኩት፤ «ምድጃ አለህ?»