ጣሳው

ፍኖተ ሰላም ነው የከተማዬ ስም፤
ሰላሙን ፈልጌ መንገዱ ላይ ብቆም፣
ከዚያች ሌሊት ወዲህ አላገኘሁትም።

ባለወፍጮ ነኝ እኔ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ዱቄት ለብሼ ስወጣ፣ ዱቄት ለብሼ ስገባ
ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ሞተሩ ሲያገሳ
እንቅልፍ የሚወስደኝ፣ ዝም ሲል የምነሳ።

የዚያን ለት፣ የጥር ማታ፣ የሰርግ እህል በዝቶ፣
አያልነህን ሸኘሁት፣ ደክሞት፣ አዛግቶ፤
ብቻዬን ቀረሁኝ። ድንጋዩ ይዞራል፣
ቀበቶው ይጮሃል፣ አምፖሉ ይርገበገባል፣
ሰው ከኋላ ቢመጣ እንዴት ይሰማል?

አልሰማሁም።
ብረቱን ነው የሰማሁት፣ በማጅራቴ፣
ብርዱን፣ እንደ ጥር ውሃ፣ ሲወርድ እስከ አንጀቴ።
ሦስት ነበሩ። አንዱ ልጅ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው፣ ያ የጣቱ ነገር።
ሺህ ሰባት መቶ ብር ከሣጥኑ ቆጠሩ፣
አምፖሉን ሰበሩ፣
ወጡ እንዳመጣጣቸው፣ በዚያው በበሩ።
ሞተሩም አልቆመም። ባዶውን ፈጨ፣ ድንጋይ በድንጋይ፤
እኔም ከወለሉ፣ እጄን ከራሴ ላይ።

በማግስቱ ጎረቤት ሞላ። «እንኳን አተረፈህ!
ብር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ደም አልፈሰሰህ፤
ምን ጎደለህ?»
እውነት ነው፤ ገላዬን ብዳስሰው
የጎደለ የለም፤ አለ ሙሉ ሰው።
ብቻ ጆሮዬ ማጅራቴ ላይ በቅሏል፤
ሌት ቆሞ ያድራል፣ ቀን ቆሞ ይውላል።

አንዱ «ጠበል ግባ» አለኝ፤ አንዱ «መሣሪያ ግዛ»።
ጠበሉን ገባሁ፤ ደግ ነው፤ ለአንድ ቀን ልቤ ወዛ።
ብረቱን ግን ተውኩት፤
ብርዱን አውቀዋለሁ፤ ምን ሊሆነኝ ልግዛ።

መወርወሪያውን በሌሊት ሦስቴ እዳስሳለሁ።
መዝጋቴን አውቃለሁ፤
እጄ ነው የማያውቅ፤ እሱን እወስዳለሁ።
ትሁኔ ምንም አትልም፤ የጎኔን ቦታ
ትጠብቅልኛለች፣ ብርድ ልብሱን ገልጣ፣ በዝምታ።

ቀን ደግሞ እፈጫለሁ፤ አቆማለሁ፤ አዳምጣለሁ፤
መልሼ አስነሳለሁ፣ መልሼ አቆማለሁ።
ዱቄቱ ሻከረ፣ ደንበኛው ጎደለ፣
«የእንየው ድንጋይ ምን ነካው ዘንድሮ?» ተባለ።
ድንጋዩ ጤና ነው፤ ሰውየው ነው የዛለ።

የጎረቤቴ ልጅ፣ ማስተዋል፣ አምስተኛ ክፍል፣
ቁና በቆሎ ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ «አልገባም» ስትል፦
«ጋሼ እንየው፣ ዘለልክ። በቀደም አየሁህ፤
ዱቄቱ ሁሉ በነነ፣ ስጠራህ።»
አፈርኩኝ። እሷ ግን አልሳቀች፤ ቁናዋን አስቀምጣ ሄደች፤
በነጋው የቲማቲም ጣሳና ሲባጎ ይዛ መጣች።
በጣራው ማገር ሲባጎውን አሻገረች፣
ጣሳውን ዐይኔ ፊት ሰቀለች፣
ጫፉን ደጅ፣ መቃኑ ላይ ቋጠረች።
«ሰው ሲመጣ ይስባል፤ አንተ ታያለህ፤
ጆሮህ ይረፍ» አለች፣ «ዐይንህ አለልህ።»

ገበያተኛው ለመደው። ማንም አልመከረ፣
ማንም «አይዞህ» አላለ፤ ገመድ ሳበ፣ ገባ፣ እህሉን አኖረ።
ጣሳው ይወዛወዛል፤ ልቤ አንዴ ትዘላለች፤
ዞሬ አያለሁ። ጥሩዬ ናት። ጤፍ ይዛለች።

ድኛለሁ አልልም። ያ ልጅ፣ ያ ጣቱ፣
ይንቀጠቀጥብኛል ሲጠፋ መብራቱ፤
መወርወሪያውን ግን ሁለቴ ነው አሁን፤ ቀርታለች ሦስተኛይቱ።

ትናንት፣ የመጨረሻውን ዳጉሳ ስፈጭ፣ ጀንበር ስታሽቆለቁል፣
ጣሳው ተወዛወዘ። ዞርኩ።
ደጁ ባዶ፤ ባሕር ዛፉ ብቻ ወዲያ ወዲህ ሲል።
እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ ጥቂት ቆመ፤ ተመለሰ።
ድንጋዩ አላቋረጠ፤ ዳጉሳው ላመ፣ ፈሰሰ።

ነፋስ ነው ለካ፤
እሱም እንደ ሰው፣ ሳያስፈቅድ ላይገባ፣ ገመድ ነካ።