አራት ቁጥር

ሎብስተር አጥማጅ ነኝ፤ የባሕሩን ወለል ሳላይ አውቃለሁ፣
ገመዱ እጄ ላይ ሲከብድ፣ አሸዋውን ከዓለቱ እለያለሁ።
የትምህርት ቤት ወለል ግን በምን ገመድ ይለካል?
ጥልቀቱስ በምን ይታወቃል?

ኢሽቤል በነሐሴ አሥራ ሁለት ይሞላታል።
የደሴቱ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ አሥራ አራት ልጅ፣
«ከዚህ በላይ አቅም የለንም» አለን፣ እስከ በር ሸኝቶ፣ በወዳጅ
አንደበት።
ልጄ አትናገርም። ዝምታዋ ግን ባዶ ቤት አይደለም፤
ጀልባ ሲመጣ በሞተሩ ድምፅ፣ የማን እንደሆነ አትስትም።

ወንድሜ ላክላን፣ «ምን አንከራተታችሁ? እዚሁ ትኑር፤
ባሕር አለ፣ እኛ አለን» ይላል።
እኛ አለን። እስከ መቼ?
አልመለስኩለትም። ወጥመዴን ጎተትኩ።

ኦባን ያለው ትልቅ ነው፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት፤
ዳይሬክተሩ «ምን ደስ ይላታል?» ብሎ ጠየቀ፣ በትሕትና፣ በዕውቀት፣
እኔን። እሷ እዚያው አጠገቤ ቆማ
የግድግዳውን ቀለም በጥፍሯ ትፍቃለች፣ ሁሉን ሰምታ።
ኋላ መጸዳጃ ቤት የእጅ ማድረቂያው ሲያገሳ
ወለሉ ላይ ተጣጥፋ ቀረች፣ በእናቷ ክንድ እስክትነሳ።
ደብተሬ ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ፦ «ማድረቂያ»።

ግላስጎ አጠገብ ያለው አዳሪ ነው። ገንዳ አለው፣ ፈረስ አለው።
ማሪ ኮሪደሩን አልጨረሰችውም።
አንዲት ጠባብ አልጋ አየች፣ ብርድ ልብሷ በአራት ማዕዘን የታጠፈ፤
«ሌሊት እግሯ ሲኮማተርባት ማነው የሚያሽላት?» አለች።
መልሱ ጥሩ መልስ ነበር፤ ተረኛ አለ፣ መዝገብ አለ።
ስንመለስ ግን የመኪናው ዝናብ መጥረጊያ ብቻ ነበር ያወራ፤
ወዲያ፣ ወዲህ፤ ወዲያ፣ ወዲህ፤ ከራሱ ጋራ።

ሦስተኛው የድሮ ጉምሩክ ቤት ነው፣ ወደቡ ዳር።
ጣሪያው ያፈሳል፤ ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበውን ልጆቹ ይቆጥራሉ።
በሩ የሚከፈተው በአራት ቁጥር።
መምህርቷ ስትነካው ኢሽቤል አየች። አንዴ ብቻ።
እኛ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ በጀቱ ስንወያይ፣
ዞር አልኩ፤ ወንበሯ ባዶ ነው።

ባሕሩ አርባ እርምጃ ላይ ነው።
እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ሆዴ ቀድሞኝ ሮጠ።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃው ላይ አገኘናት፤
ሽርጥ የታጠቀች ሴትዮ ድንች ትልጣለች፣ አጠገቧ አስቀምጣት።
«ስምሽ ማነው?» አላለቻትም። ቀና ብላም አላየቻት።
የተላጠውን ታቀብላታለች፤ ልጄ ድስቱ ውስጥ ትጥላለች፣
ውሃው ቦጭ ሲል ታዳምጣለች፤ ለሌላው እጇን ትዘረጋለች።
መምህርቷ ፊቷ ቀልቶ፣ «ይቅርታ፣ ቁጥሩን ዛሬውኑ እንቀይራለን!»
ማሪ ሳቀች። ከየካቲት ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

ፎርሙ «የመረጡበት ምክንያት» ይላል፤ ሁለት መስመር ቦታ።
ስለ ሕክምናው ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ስለ ርቀቱ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ።
በመጨረሻ፦ «ድንች የምትልጠው ሴትዮ አልቸኮለችም።»
ማሪ አይታ፣ «ይሄንን ለመንግሥት?» አለች።
ግን ፈረመች።

መልስ መጣ። ያለው አንድ ቦታ፤ አመልካቹ ሰባት።
አንዷ የኔ ናት። ስድስቱስ?
በስድስት ቤት ዛሬ ይኼው ፖስታ ተቀድዷል፤
ለማን እንደምጸልይ ጠፍቶኝ፣ የተወሳሰበ ገመድ ስፈታ አመሸሁ።

አሁን ጀልባው ላይ ነን፣ ነፋሱ ከምዕራብ።
ኢሽቤል እጄን ወስዳ አንጓው ላይ በጣቷ ትነካለች፦
ሁለት። ሰባት። ዜሮ። አራት።
ትጠብቃለች። እንደገና ትነካለች።
መግባት ትፈልግ፣ መውጣት ትፈልግ አላውቅም።
እጄን ሳልሰበስብ ቆሜያለሁ፣
እንደ በር።