ሦስተኛ እጅ

ሞተር ሳናጠፋ፣ መስኮት ለመስኮት ተጠጋግተን፣
ከገበያው አዳራሽ ጀርባ፣ በኤድመንተን፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ በወረደበት ብርዱ፣
መቶ አርባ ዶላር ቆጠርኩለት፣ ራይላንድ ለሚባል ለአንዱ።
«የአክስቴ ነበረች» አለኝ፤ «እኔስ ሁለቴ ነው የነካኋት።»
ከነቦርሳዋ፣ ቦርሳዋንም ከነውሻ ጠጉሩ ተቀበልኳት።

ፕላስቲክ ናት፤ ሲይዟት የሕፃን ጫማ ታህላለች።
ከአውራ ጣት ሥር ጎማዋ ተልጧል፤ የቀድሞዋ ብዙ ይዛታለች።
ሌንሷም ያው አብሮ የሚሸጠው፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት፤
ሲዞር አሸዋ ያኝካል፤ ሐይቅ ዳር ወድቆ ኖሯል ባንድ ወቅት።

አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ።
ጋራዡ ውስጥ ለደምመላሽ አሳየሁት፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ለሚያነሣው፣
አንዱ ሌንሱ ብቻ መኪናዬን ከነጎማዋ ለሚገዛው።
«ይቺ?» አለኝ። «ለጀማሪ የተሠራች ናት፤ ቶሎ ትሰለቻታለሽ፤
ዓመት ሳይሞላ መጥተሽ፣ የተሻለ ምረጥልኝ ትዪኛለሽ።»
ዝም አልኩ። እኔም ጀማሪ ነኝ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፤
ሁለት ጀማሪ ብንሆን መቼም አይጠብም ቤቴ።

የመጀመሪያው ወር ሥዕል ሁሉ ወይ ጨለማ ወይ ጭስ ነበረ፤
በረዶው ግራጫ ወጣልኝ፣ ነጭነቱ የት እንደቀረ።
ኋላ ነው የገባኝ፦ ብዙ ነጭ ሲያይ ይደነግጣል መለኪያዋ፤
ትንሽ ብርሃን ሲጨምሩላት ነው የሚመለስ ልቦናዋ።
ባትሪዋ ብርድ አትችልም፤ አሥር ሳታነሣ ትሞታለች፤
ብብቴ ሥር ስሸሽጋት እንደ ጫጩት ትነቃለች።

ከዚያ ነጥቧን አየኋት።
ከሰማዩ ቀኝ ጥግ፣ ጠቆር ያለች፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ።
ወንዙን ሳነሣ አለች፣ ድልድዩን ሳነሣ አለች፤
ሌንሱን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩ፤
አለች።

ልጁ ያላጠፋቸው ሥዕሎች ካርዷ ላይ ነበሩ፤
ሰባ ሦስት። አንድ ሌሊት ኮምፒውተሬ ላይ ተደረደሩ፤
ውሻ፣ አሸዋ ላይ። ያው ውሻ፣ እርጥብ። ያው ውሻ ሲያዛጋ፤
የደበዘዘ ሽማግሌ (ውሻው ላይ አነጣጥራ) ከተጣጣፊ ወንበር ጋ፤
ፍላሹ ያነጣው ልደት፣ የሰው ዓይን ሁሉ ቀይ፤
ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ ሐይቅ፤ ያቺው ነጥብ ደግሞ፣ እዚያው ጥግ፣ ከሰማይ።

ለራይላንድ ጻፍኩለት፦ ሥዕሎች አሉህ፣ ልላክልህ?
ሦስት ቀን ዝም አለ።
በአራተኛው፦ «ሽማግሌው ያለበትን።»
«ደብዛዛ ነው እኮ» አልኩት።
«ግድ የለም፤ እሱም እንደዚያው ነበር።»

ዋይት ጎዳና ላይ ያለው ጠጋኝ «አቧራ ናት» አለኝ፣ መነጽሩን ሰቅሎ፤
«በስድሳ ዶላር ትጠራለች።» ደምመላሽም ደወለ፣ ማን ነግሮት እንደሆነ እንጃ፣
«ለእሷማ ስድሳ አይወጣም፤ በኮምፒውተር እኔ እፍቃታለሁ፣ በነጻ።»
ለሁለቱም የመጣልኝን አልኩ፦ ከደመወዝ በኋላ።
ደመወዝ ሁለት ጊዜ መጣ፤ አንዱ ለማሞቂያው፣ አንዱ ለፍሬን ሸራ።

በመጋቢት ቁጥሯ ሞላ። ከዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ተነሥታ፣
እንደገና «አንድ» አለች፣ የኖረችውን ሁሉ ረስታ።
ደምመላሽ ሠርግ ላይ ሦስት ካሜራ አንግቶ ይዞራል፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፤
እኔ ኩሽና በር ላይ ቆሜ፣ ሙሽራው ሚዜውን ጫማ ጠበበኝ ሲል አነሣሁት፣ ማንም ሳያየኝ፤
እሷ ቀጭ አለች፣ ጮክ ብላ፤ ድምፅ መቀነስ አታውቅም።

ትናንት፣ ከመጨረሻው ፌርማታ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ግድም፣
መብራቱን አጠፋፍቼ ወረድኩ፤ ተሳፋሪ አልነበረም።
ባትሪዋን ከብብቴ አውጥቼ፣ ሽቦ ላይ ያረፈ ቁራ አነሣሁ፤
ቤት ገብቼ ሳየው ሁለት ሆነዋል፤ የትኛው እንደበረረ ረሳሁ።