ሞተሩ ሳይሞቅ

ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው በታች፣
ሁለት ላንድክሩዘር ቆመዋል፣ ያገለገሉ፣ እንደ ባላንጣዎች።
ነጩ ናፍጣ ነው፣ ጥቁሩ ቤንዚን፤
የቱን ልያዝ፣ የቱን ልተው? የቱን?
የሁለቱም ወንበር ቆዳ፣ እንደ ሙሽራ ጫማ የሚያበራ፣
በክንዳቸው ሥር ፍሪጅ አለ፣ ለውሃ ይሁን ለቢራ፤
እኔ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ፣ ጣቴ ቀልቶ የቀረ፣
ቆዳው ላይ ስቀመጥ፣ ደላላው ማስነጠስ ጀመረ።

ይርሳው ይባላል ደላላው፤ እንደ ስሙም ይረሳል፤
የተጋጨበትን ይረሳል፣ ቆጣሪውንም ያስረሳል።
«እትዬ፣ ቤንዚኑ» ይላል፣ «ሲነሳ ድምፅ የለው፣
ጎንሽ የተኛ ሕፃን አይቀሰቅሰው።
ስምንት ሲሊንደር ነው፣ እንደ ሐር የሚሄድ፣ ስምንት!
ናፍጣማ የጭነት ነው፤ ላንቺ ዓይነቷ እመቤት?»

ምን ያውቃል እሱ፣ የናፍጣ ሽታ ለእኔ ምን እንደሆነ?
ባል ነበረኝ፣ በኤፍ ኤስ አር መተማ ሄዶ በዚያው የባዘነ፤
ስሙ አንለይ ነው እንግዲህ! ከተለየን ሰባት ዓመት።
ናፍጣው ከሸሚዙ ሳይለቅ፣ እሱ ለቀቀ ከቤት።

መካኒኬ አንማው ነው፤ ትንሽ የሚናገር፤
ዲማ ላይ ቅኔ የቆጠረ፣ ዛሬ ቡሎን የሚቆጥር።
ኮፈኑን ሳይከፍት መዳፉን አሳረፈበት፣
እንደ ታማሚ ግንባር፤ ጥቂት ቆየበት።
«ሞቋል» አለኝ። «ሳንመጣ አስነስተው አሙቀውታል።
የሞቀ ሞተር ሁሉ ደግ ነው፤ ማለዳ ይታያል።»
ይርሳው ሳቀ። «መኪና ነው ወይስ ጠላ፣ አድሮ የሚቀመስ?»
አንማው ዝም። እኛም አደርን፣ ብርዱ አጥንት እስኪደርስ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጉሙ ከመሬት ሳይነሳ፣
ቤንዚኑ አንዴ ሲነኩት ነቃ፣ ያለ ሳል፣ ያለ አበሳ።
ናፍጣው አጓራ፣ አቃሰተ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፤
ሦስተኛው ላይ ያዘ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮሆ ለፋ።
ይርሳው አጨበጨበ፤ «በቃ፣ ተፈረደ!»
አንማው ግን ስለ ሁለት እሳት ሊያወራኝ ወደደ፦
«ቤንዚን ካንዴላ ይጠብቃል፤ የሚለኩሰው አለው።
ናፍጣ ካንዴላ የለው፤ እሳቱ ግፊያው ነው፤
ታፍኖ፣ ታፍኖ፣ ተጨምቆ፣ መሄጃ ሲያጣ፣
ከራሱ ይነድዳል፣ ክብሪት ሳይመጣ።»

እኔን ያየኝ መሰለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ፤
የጥገና ዋጋ ነበር፣ በጣቱ የሚቆጥርልኝ።
«ይሄ ጭስ ሁለት ኢንጀክተር ነው፤ ፖምፓው ደህና ነው።
የምትሄጂበትን ንገሪኝ፤ መንገዱ ነው የሚመርጠው።»

ነገርኩት። ሽንዲ በክረምት፣ ጭቃው እስከ በሩ፤
በወር ሁለቴ ዓባይ በረሃ፣ የደጀን ዙሩ፤
ፍሬን የሚሸትበት፣ ከፊት ያለው ቦቴ የሚያቃስትበት፣
ሰው በልቡ ጊዮርጊስን እየጠራ ማርሽ የሚቀንስበት።
በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን፣ ከላምባ የማይለይ፤
የናፍጣ ሰልፍ፣ ሁለት ቀን፣ ፀሐይ ላይ።
«ቁልቁለቱን» አለ አንማው፣ «ሁለቱም ይወርዱታል፤
ዳገቱን ግን አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በብርሽ ይወጣል።»

ከዚያ የዘይቱን ዘንግ መዘዘ፣ በጣቱ አሽቶ አሸተተ፤
«በአንድ ፊደል ነው» አለ፣ «ሞተር የሚለየው ከሞተ።
ፊደሏን መጠበቅ ነው ሥራሽ፤ ዘይት፣ ማጣሪያ፣ ንጹሕ ናፍጣ።»
የሁለት ኢንጀክተር ዋጋ ቀነስኩ፤ ይርሳው ፊቱ ነጣ፤
ይቺን እንኳ አይረሳትም።

ደንበጫን ሳልፍ ጭሱ ጠራ፤ የሙቀቱ መርፌ ቆመ፤
መስኮት ከፈትኩ፣ ሽታው ገባ፤ ያው የድሮው፤ ግን አላመመ።
ፍሪጁ ውስጥ ናሙና በርበሬ ነበር፤ ስከፍተው እኔኑ አስነጠሰኝ፤
«ይማርሽ» የሚል የለም ጎኔ፤ ሞተሩ አጉረመረመልኝ።