ሠንጠረዥ ሁለት

ጋሽ ወንድይፍራው መጡ ከሰላ ድንጋይ፣
ድንጋይ ተሸክመው፣ ከውጭ የማይታይ።
ዐይናቸው እርድ መስሎ፣ ሽንታቸው ጠቁሮ፣
ክንዳቸው ከማከክ ቆዳው ተሸርሽሮ።

«ሐሞቴ ፈሷል» አሉኝ፣ ደብረ ብርሃን ሲደርሱ፤
«አልፈሰሰም» አልኳቸው፣ «ተገቷል መፍሰሱ፤
ሕመምዎም ራሱ አለመፍሰሱ ነው።»
ሳቅ ሲጀምሩ ጎናቸው እንደ ወስፌ ወግቶ መለሰው።

በአፋቸው አስገባሁ ብርሃን ያለው ገመድ፣
በጉሮሮ፣ በጨጓራ፣ እስከ ጠባቧ መንገድ፤
ጣቴ ጫፍ ላይ ተሰማኝ ጠጠሩ ሲላቀቅ፣
ጥቁር አረንጓዴ ሐሞት ተንዶ ሲፈልቅ።

«በሦስት ወር ይምጡ፣ ቧንቧው ይወጣል» አልኩ።
ሦስቱ ዘጠኝ ሆነ፤
ደወልኩ፤ ደወልኩ።

ጽሑፌ ታተመ። ገምጋሚዎች ያነሱት፣
ስለ ቆሽት መቆጣት አንድ ነጥብ ነው የጠየቁት።
ሠንጠረዥ ሁለት ላይ፣ በመጨረሻው ረድፍ፣
«ከክትትል የጠፋ፦ አንድ» ይላል በትንሽ ጽሑፍ።

አንባቢ ያልፈዋል። እኔ ግን ቁጥሩን ሳየው፣
ቆሽቴ ያራል፤ ይህንንስ መቆጣት በየትኛው ደም ልለካው?

ያ አንድ፣ ስሙ ወንድ ይፍራው ነው፤ ሴቷ ነኝ የፈራሁት።
ቅዳሜ በጠዋት፣ መናኸሪያ ቆሜ፣
የሰላ ድንጋይን መኪና ጠበቅሁት።